ለአንዲት አድማጭ የተደረገ ንግግር

ጋቪኖ ድምፅ ማጉያውን በባለሦስት ጎማዋ መኪና ጣሪያ ላይ አስሮ ሲጨርስ፣ በአደባባዩ የነበረችው አንዲት ሴት ብቻ ነበረች።

ሰርዲኒያ ከጣሊያን ተለይታ ራሷን የቻለች አገር ትሁን የሚለው «የደሴቲቱ ንጋት» ፓርቲ በጠቅላላው ሰባት አባላት ነበሩት። ስድስቱ ያን ቀን በግ እየሸለቱ ነበር። ሊቀመንበሩም፣ ዕጩውም፣ ሾፌሩም ጋቪኖ ነበር። ጉሮሮውን ጠራረገና ጀመረ። ስለተዘጉት የማዕድን ጉድጓዶች፣ በመርከብ ሄደው ስለማይመለሱት ወጣቶች ተናገረ። ሲጨርስ ላብ አጥምቆታል።

«ጥሩ ተናግረሃል» አለችው ሴቲቱ። «እኔ ግን አውቶብስ እየጠበቅኩ ነው።»

«ዘገየ እንዴ?»

«አንድ ሰዓት ሞላው።»

«አየሽ? ነፃ ብንወጣ በሰዓቱ ይመጣ ነበር።»

ሳቀች። እሱም ሳያስበው ሳቀ። ቦናሪያ ትባላለች፤ መምህር በቀረ ቁጥር የምትተካ፣ ቋሚ ሥራ ያላገኘች አስተማሪ። አውቶብሱ መጥቶ ሲሄድ ሁለቱም ዞር ብለው አላዩትም።

በዚያው በጋ በራሪ ወረቀቶቹን የምትተይብለት እሷ ሆነች። አባቷ ይህን ሲሰሙ ማንኪያቸውን ጠረጴዛው ላይ ጣሉት።

«ሠላሳ አራት ዓመት በጣሊያን መንግሥት ባቡር ላይ ሠርቻለሁ! ጡረታዬን ማን ሊከፍለኝ ነው? የዚያ እብድ መንግሥት?»

«እብድ አይደለም፣ አባባ።»

«ታዲያ ምንድን ነው?»

ቦናሪያ ብዙ አሰበች። «ብቸኛ ነው» አለች በመጨረሻ።

በምርጫው ፓርቲው ሠላሳ ስምንት ድምፅ አገኘ። መስከረም ላይ ለቦናሪያ ደብዳቤ ደረሳት፤ ቋሚ የመምህርነት ቦታ፣ ከባሕሩ ማዶ፣ በሰሜን ጣሊያን፣ ኖቫራ ከተማ። ደብዳቤውን ይዛ ጋቪኖ ወደሚሠራበት ጋራዥ ሄደች።

«ምን ትላለህ?»

እጁን በጨርቅ እየጠረገ «ደሴቷ አስተማሪዎቿን ባጣች ቁጥር...» ብሎ ጀመረ።

«ፓርቲውን አይደለም የጠየቅኩት። አንተን ነው።»

ቅሪ ሊላት ፈልጎ ነበር። ግን እሱ የሚሰጣት ምን አለው? ሞተሩን እያየ ዝም አለ። እሷም ዝምታውን መልስ አድርጋ ወሰደችው። ቅዳሜ በመርከብ ሄደች።

ኖቫራ ጭጋጋማ ነበረች። ከትምህርት ቤት ተመልሳ በተከራየቻት ክፍል ውስጥ የልጆቹን ደብተር ስታርም፣ በራሷ፣ በደሴቲቱ ቋንቋ የሚያናግራት ሰው አልነበረም። አንዳንዴ እንዳይጠፋባት ብላ ከራሷ ጋር ታወራ ነበር። እሱም እዚያ በባለሦስት ጎማዋ መንደር ለመንደር ይዞራል። በንግግሩ ስለሄዱት ወጣቶች ወደሚያነሣበት ክፍል ሲደርስ ግን አሳጥሮ ይጨርሳል።

ከሁለት ዓመት በኋላ ደግሞ ምርጫ መጣ። ቦናሪያ ድምፅ ልትሰጥ አንድ ሌሊት በባቡር፣ አንድ ሌሊት በመርከብ ተጉዛ መጣች። ጋቪኖ በምርጫ ጣቢያው በር ላይ ሲያያት ባርኔጣውን አወለቀ።

«ለፓርቲው ብለሽ ይህን ሁሉ መንገድ?»

«ለፓርቲው መስሎሃል?»

ፊቱ ቀላ። «አትመለሺ። እዚሁ ቅሪ። ያኔ ልልሽ የፈለግኩት ይህንን ነበር።»

ቦናሪያ ዓይኖቿ እንባ ሞሉ። «ሁለት ዓመት እኮ ነው የጠበቅኩህ! አሁን ተማሪዎች አሉኝ፣ ወደዚህ ለመዛወር ደግሞ ገና ዓመታት ማገልገል አለብኝ። እኔ ሁለት ጊዜ ተሻግሬያለሁ። አሁን ተራው ያንተ ነው።»

ጋቪኖ ከደሴቲቱ ወጥቶ አያውቅም። ሰኔ ላይ አንድ ሻንጣ ይዞ መርከብ ላይ ወጣ። ተራሮቹ ከዓይኑ እስኪጠፉ ቆሞ አየ፤ ከዚያ ጎኑ ከነበሩት አሮጊት ፊቱን አዙሮ አለቀሰ።

በመስከረም ኖቫራ ተጋቡ። አባቷ አልመጡም፤ አንድ ድቡልቡል የበግ አይብ ግን ላኩ። ጋቪኖ ጋራዥ ተቀጠረ፤ ጣሊያኖቹ ባልደረቦቹ ስሙን በትክክል ለመጥራት ወር ፈጀባቸው። ፓርቲው በአምስት ድምፅ ሌላ ሊቀመንበር መረጠ።

አንድ እሑድ ከሰዓት ጭጋጉ መስኮቱን ሲሸፍነው፣ ጋቪኖ ወንበሩን ወደ ሚስቱ አስጠጋ።

«ያን ሁሉ ዓመት ስለሄዱት ሰዎች ስናገር፣» አላት፣ «ምንም አላውቅም ነበር።»

ቦናሪያ የምታርመውን ደብተር ዘጋች። እጁን ይዛ፣ ወደ ደሴቲቱ የሚመልሳቸው ዝውውር እስኪመጣ የቀሩትን ዓመታት በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ጮክ ብላ ትቆጥርለት ጀመረች።