ሁለተኛው ቅጂ

ዳኛው የሞቱት በገዛ ወንበራቸው ላይ ነው። መነጽራቸው ጭናቸው ላይ፣ ብርድ ልብሱ እስከ ደረታቸው፤ ላያቸው ሰው ምሳ በልተው ያሸለቡ ይመስላሉ። ልጃቸው ሚጡ ግን እጃቸውን እንደነካች ክው አለች። እጃቸው በረዶ ሆኗል። ይዛ የሮጠቻቸው ሁለት ወረቀቶች ከእጇ ወደቁ፤ ከዚያ ጩኸቷን ለቀቀችው።

ሁለቱም ወረቀት ላይ የታተመው ያው ነው። «ልጆቼ፣ ደክሞኛል። መድኃኒቱን ያበዛሁት በገዛ እጄ ነው። ማንንም አትጠርጥሩ።» ፊርማ የለውም። ከፕሪንተሩ የወጡት ከቀኑ አስር ሰዓት አለፍ ሲል ነው፤ ሚጡ አጠገብ፣ ዓይኗ እያየ።

የዚህን ቤት ፕሪንተር ነገር አስቀድሜ ካልነገርኳችሁ ወሬው አይገባችሁም። ፕሪንተሩ አንድ ነው፣ ሰው አምስት። ያለው ደግሞ ከደረጃው ሥር፣ ጎንበስ ብለው በሚገቡባት ጠባብ ክፍል፣ በዩኤስቢ ገመድ ከሚጡ ኮምፒውተር ጋር ተያይዞ ነው። ሚጡ የሰው ጽሑፍ እየተየበች የምትኖር ሴት ናት፤ አባቴን ላስታምም ብላ የማተሚያ ቤት ሥራዋን ከለቀቀች ዘጠኝ ዓመቷ። ወረቀት በተፈለገ ቁጥር ሁሉም እየመጣ ከሚጨቀጭቃት ብላ የቤቱን ኮምፒውተሮች በኔትዎርክ አገናኘቻቸው። ከዚያ ወዲህ ማንም ከክፍሉ ሳይነሳ ያዛል፤ ትእዛዙ በሚጡ ኮምፒውተር አልፎ ይታተማል። እሷ ኮምፒውተር ላይ የተሰካው ሃርድ ዲስክም እንደዚሁ የጋራ ነው። የዳኛው ኮምፒውተር አርጅቷልና የሕይወት ታሪካቸውን እየጻፉ የሚያስቀምጡት እዚያ ላይ ነበር። ሊያየው የፈለገ የቤቱ ሰው ሁሉ ያየዋል። ሚጡ ግን አንድም ቀን ከፍታው አታውቅም። «ሲጨርሱ ራሳቸው ያሳዩኛል» ትላለች።

እንግዲህ የሚጡ ኮምፒውተር ከተዘጋ ፕሪንተርም የለ፣ ዲስክም የለ። ስለዚህ አይዘጋም። እሱ ካልተዘጋ ደግሞ ሚጡም አትነሳም። አንዱ «ወረቀት አለቀ» ይላል፣ ሌላው «ያዘብኝ» ይላል፣ አባቷ በምርኩዛቸው ግድግዳውን እየደበደቡ «ሚጡ!» ይላሉ። አርባ አንድ ዓመቷ ነው፤ ዛሬም ሚጡ ናት።

በማግስቱ ጠዋት የግቢው በር ላይ ፖሊስ ቆመ። ነገሩ እስኪጣራ ማንም አይወጣም ተባለ። ሌላው ሰው ይህን ሲሰማ ተቆጣ፤ ሚጡ ግን ምንም ስላልተለወጠባት ሆዷ ባባ።

መርማሪዋ አጠር ወፈር ያለች፣ መነጽሯን በክር አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች ሴት ናት። የገባችበት ክፍል ሁሉ መጀመሪያ የምትጠይቀው ወንበር ነው። «ጉልበቴ ነው ጠላቴ» አለች ሳሎኑ ውስጥ እየተደላደለች። «በሉ፣ ተቀምጬ ልስማችሁ።»

መጀመሪያ የተናገረው የሚጡ ታላቅ ወንድም ነው። ሐኪም ነው፤ መምህርት ከሆነች ሚስቱ ጋር ፎቅ ላይ ይኖራል። ሁለቱም ትናንት ከሰዓት ሥራ ቦታቸው ነበሩ፣ ብዙ ሰው አይቷቸዋል።

«አባቴ የወሰዱት የልብ መድኃኒታቸውን ነው፤ ከመጠኑ አሥር እጥፍ» አለ። «የሞቱት ከስምንት ተኩል እስከ ዘጠኝ ሰዓት ባለው ይሆናል። ወረቀቱ ደግሞ የወጣው ከአስር ሰዓት በኋላ። ኢንስፔክተር፣ የሞተ ሰው ወረቀት አያትምም።»

«አያትምም» አለች መርማሪዋ።

«ማሽኑ የሷ ነው። ቀኑን ሙሉ እሱ ላይ የምትቀመጠውም እሷ ናት። መድኃኒቱን የምትሰጣቸውም እሷው።» ይህን ሲል እህቱን አላያትም።

«ወንድም ጋሼ!» አለች ሚጡ።

«የሆነውን ነው የተናገርኩት።»

መርማሪዋ ወደ ሚጡ ዞረች። «አንቺስ እህቴ፣ ትናንት ከሰዓት የት ነበርሽ?»

ሚጡ እጇን ቀሚሷ ላይ ጫነች። ቀሚሷ ኪስ ውስጥ ያለ ቁልፍ ጭኗን ወጋት። «እዚሁ» አለች በመጨረሻ፣ «ማሽኔ ላይ።»

ውሸቷን ነው። ለምን እንደዋሸች ወዲያው ገብቷት ራሷን ረገመች፤ ግን ወንድሟ ፊቷ ቆሞ እውነቱ እንዴት ይውጣት።

ከደረጃው ሥር ገብታ ተቀመጠች። ጥቂት ቆይቶ ፕሪንተሩ ነቃ፣ ተንገጫገጨና ሁለት ወረቀት ጣለ። ሚጡ ከወንበሯ ብድግ አለች። ወዲያው ጋሼ መዝገብ ጎንበስ ብለው ብቅ አሉ። ጋሼ መዝገብ ጓሮ ባለው ክፍል የሚኖሩ የዳኛው የቅርብ ወዳጅ ናቸው፤ አርባ ዓመት በዳኛው ችሎት መዝገብ ቤት ሠርተዋል፣ ቅጽል ስሙም የወጣላቸው ከዚያው ነው።

«አትደንግጪ ልጄ፣ የኔ ነው። ቃሌን ጽፌ ነው» አሉ ወረቀቶቹን እያነሱ። «አንዱ ለባለጉዳይ፣ አንዱ ለመዝገብ።» ከዚያ ትከሻዋን ነካ ነካ አደረጓት። «አይዞሽ። ስምንት ሰዓት ላይ እንደ ልማዳችን ከዳኛው ጋር ሻይ ልጠጣ ስገባም ስወጣም ኪቦርድሽ ሲንጫጫ ሰምቻለሁ፣ ከቦታዋ ንቅንቅ አላለችም ብዬ ጽፌልሻለሁ።»

ሚጡ እንባዋ መጣ። እኝህ ደግ ሰው ለሷ ሲሉ ዋሹ! ግን እሳቸው ከሄዱ በኋላ ነገሩን ስታገላብጠው ሌላ ጎኑ ታያት። ከማሽኑ ካልተነቃነቀች ወረቀቱን ያተመው ሌላ ማን ሊሆን ነው? ሊያወጧት ብለው ገመዱን አጠበቁባት። ጣሪያው ከወትሮው ዝቅ ያለባት መሰላት።

መርማሪዋ ስትገባ ሚጡ ፊቷን በነጠላዋ ጫፍ ትጠርግ ነበር። ሴትዮዋ ግድግዳውን ተደግፋ ወንበር ፈለገች። ያለው አንድ ነው፤ ሚጡ ለቀቀችላት።

«ዘጠኝ ዓመት እዚች ላይ?» አለች መርማሪዋ ስትቀመጥ ወንበሩ ሲጮህ።

«ዘጠኝ ዓመት።»

«እንግዲህ ስሚኝ። በሁሉም አፍ በዚህ ማሽን ላይ የነበርሽው አንቺ ነሽ። ወይ ገድለሻል፣ ወይ ዋሽተሽኛል። ሦስተኛ የለውም። የቱ ነው?»

ሚጡ በሩን አየች። ወንድሟ ሳሎን ውስጥ ሲያስል ይሰማል።

«ዋሽቻለሁ» አለች በሹክሹክታ። «አልነበርኩም። አባባ ምሳቸውን በልተው ሲያሸልቡ፣ ሰባት ሰዓት ተኩል ላይ ኮምፒውተሬን ዘግቼ ወጣሁ። ክፍት ትቼው ወረቀት ቢይዝባቸው ይፈልጉኛል፤ ከተዘጋ ኔትዎርኩ ተቋረጠ ብለው ይተዉታል።» ቁልፉን አውጥታ ኪቦርዱ ላይ አስቀመጠችው። «የድሮው ማተሚያ ቤቴ ሥራ ሰጠኝ። አንዲት ክፍልም ተከራየሁ። አባባን ልጥላቸው አይደለም፤ ጠዋትና ማታ ልመጣ ነበር። አንድ ቀን ብወጣ፣ በዚያው ቀን ሞቱብኝ። ይሄን ለወንድሜ በምን አፌ ልንገረው? ልትገላገያቸው ፈልገሽ ነው ይለኛል።»

«ይልሻል» አለች መርማሪዋ ሳታባብላት። «ማን አየሽ?»

«አከራይዋ። የማተሚያ ቤቱ ኃላፊም።»

«ደግ። ጋሼ መዝገብ ግን ኪቦርድሽን ሰምተዋል።»

«እሱማ ለኔ ብለው...» ብላ ጀመረችና ቆመች። ዓይኗ ፈጠጠ። «መውጣቴን ለማንም አልነገርኩም። እሳቸውም አያውቁም።»

«እንግዲህ ሊሸፍኑልሽ አይደለም» አለች መርማሪዋ። «ሰው የሚሸፍነው ያወቀውን ነው። ነይ፣ ጉልበት አለሽ፤ ጎንበስ በዪና ይሄ ማሽን የመዘገበውን አሳዪኝ። ዲስኩንም።»

ስድስት ሰዓት ላይ ሁሉም ሳሎን ተጠሩ። ጋሼ መዝገብ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው እንደ ችሎት ቀጥ ብለው ተቀመጡ። ሚጡ በሩ ጋ ቆመች፣ ጭንቅላቷ ግን እንደለመደችው ጎንበስ ብሏል።

«ዶክተር፣ የሞተ ሰው አያትምም ብለውኛል» አለች መርማሪዋ። «ልክ ነዎት። ግን የታዘዘበት ሰዓትና የወጣበት ሰዓት ለየቅል ነው። ትእዛዙ ከዳኛው ኮምፒውተር የተላከው ስምንት ሰዓት ከአርባ ላይ ነው። የሚያሳልፈው ማሽን ግን ተዘግቶ ነበር፤ ስለዚህ እዚያው ተራ ይዞ ጠበቀ። አስር ሰዓት ከአሥር ላይ እህትዎ ስትከፍተው ወጣ።»

«ተዘግቶ?» አለ ሐኪሙ። «የሷ ማሽን ተዘግቶ አያውቅም እኮ!»

«ገዳዩም ያሰበው እንደ እርስዎ ነው። ሚጡ ምንጊዜም አለች፣ ወረቀቱ ወዲያው እጇ ይገባል፣ ሮጣ ትገባለች፣ ራሳቸውን ገደሉ ይባላል። እህትዎ ግን ከሰባት ተኩል እስከ አስር ሰዓት ሌላ ቦታ ነበረች። አረጋግጫለሁ።»

ሐኪሙ እህቱን ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብሎ አያት። ሚጡ ዓይኗን አልሰበረችም።

«አባባ ራሳቸው ቢሆኑስ?» አለች መምህርቷ። «ሁለት የወጣው ደግሞ ዝም ሲላቸው ደግመው ተጭነው ይሆናል። እኔም እሱን ነው የማደርገው።»

«ደግመው ቢጫኑ ሁለት ትእዛዝ ይመዘገብ ነበር። የተመዘገበው አንድ ነው፤ ቅጂ ሁለት ተብሎ፣ ታስቦበት። ሊሞት የተሰናዳ ሰው ስንብቱን በሁለት ቅጂ አያዝም።» ከቦርሳዋ ሁለት ወረቀት አወጣች። «በዚህ ቤት አንድ ነገር ሁለት አድርጎ ካላተመ እጁ የማይታዘዝለት ሰው ማነው? ዛሬ ጠዋት ቃሉን በሁለት ቅጂ ያመጣልኝ ማነው?»

ሁሉም ወደ ጋሼ መዝገብ ዞሩ።

«ልማድ ማስረጃ አይሆንም» አሉ ጋሼ መዝገብ ረጋ ብለው።

«እውነትዎን ነው። ውሸትስ? ሴትየዋ በሌለችበት፣ በተዘጋ ማሽን፣ ኪቦርድ ሲንጫጫ ሰማሁ ብለው ፈርመዋል።»

«አርጅቻለሁ። ጆሮዬ ነው።»

«ይሁን። እንግዲያው ጆሮ የሌለውን እንጠይቅ። አንድ ሰው ጽሑፍ ሲከፍት ዲስኩ ላይ የከፋቹን ስም የያዘ ትንሽ ድብቅ ፋይል ይፈጠራል፤ ሲዘጋው አብሮ ይጠፋል። መስመሩ በድንገት ከተቆረጠ ግን እዚያው ተንጠልጥሎ ይቀራል። ትናንት ሰባት ሰዓት ተኩል ላይ ሚጡ ኮምፒውተሯን ስትዘጋ የዳኛው የመጨረሻ ምዕራፍ ከሌላ ክፍል ተከፍቶ እየተነበበ ነበር። ስሙ ቀርቷል። ‹ጋሼ መዝገብ› ይላል።»

ሚጡ አፏን ያዘች። ያንን ስም እሳቸው ኮምፒውተር ላይ በገዛ እጇ የጻፈችው እሷ ናት።

«ምዕራፉን ሊያጠፉት ፈልገው ነበር» አለች መርማሪዋ፣ ድምጿ አሁን ዝቅ ብሏል፤ «ዲስኩ አልከፈት አለዎት። ኔትዎርኩ ነው ብለው ለሌላ ጊዜ ተዉት፤ ዲስኩ ሲመለስ ቤቱ በጩኸት ተሞልቶ ነበር። ምዕራፉ ስለ አንድ አናጢ ነው። ነጻ የሚያወጣው የምስክር ቃል ከመዝገቡ ጠፍቶ አሥራ አንድ ዓመት ታሠረ። ያጠፉት እርስዎ ነዎት፤ እውነተኛው ጥፋተኛ የወንድምዎ ልጅ ነበርና። ለባለጉዳይ የሰጡት ቅጂ ግን ማንበብ በማይችሉት የአናጢው እናት ሳጥን ውስጥ ቆይቶ ከጥቂት ወራት በፊት ለዳኛው ደረሰ።»

ጋሼ መዝገብ እጃቸውን ከጉልበታቸው ላይ አነሱ። «አንድ ወረቀት ነው» አሉ። «አርባ ዓመት አንድ ወረቀት አልጠፋብኝም፤ ያቺ ብቻ። ዳኛው ስማችንን በመጽሐፉ ሊያወጣው ነበር። መድኃኒቱን የጨመርኩበትን ሻይ ሲጠጣ እንኳ ‹ልነግርህ የምፈልገው ነገር አለ› አለኝ። አላስጨረስኩትም።»

«እኔን ሊያሳስሩኝ ነበር!» ብላ ጮኸች ሚጡ። «አይዞሽ እያሉ!»

ፖሊሱ ሽማግሌውን ደግፎ አወጣቸው።

መርማሪዋ ለመነሳት ስትታገል ሚጡ ክንዷን ያዘቻት። «ያ ምዕራፍ አንድ ሌላ ገጽ አለው» አለች ሴትዮዋ፣ የታጠፈ ወረቀት እየሰጠቻት። «ጋሼ መዝገብ ሲያነቡ እዚያ ሳይደርሱ ነው መስመሩ የተቆረጠባቸው። ያንቺ ነው።»

ሚጡ ከደረጃው ሥር ገብታ አነበበችው።

«በዳኝነት ዘመኔ ያለ ጥፋታቸው ያሰርኳቸው ሁለት ሰዎች ናቸው። አንዱ አናጢው ነው። ሁለተኛዋ ልጄ ናት። እሷን ያሰርኳት በችሎት አይደለም፤ ግድግዳ እየደበደብኩ፣ ስሟን እየጠራሁ ነው። ፊት ለፊት ይቅርታ ልጠይቃት ድፍረት አጣሁ። ስለዚህ ይህን እጇ ሥር ባለው ዲስክ ላይ አስቀምጬ፣ አንድ ቀን ከፍታ እስክታየው እጠብቃለሁ።»

ወራት ሙሉ አጠገቧ ነበር። አክብራቸው ሳትከፍተው ቀረች። ወረቀቱን ደረቷ ላይ አድርጋ፣ ያለ ድምፅ፣ ብዙ አለቀሰች።

ከዚያ ገጹን አጣጥፋ ከቁልፉ ጋር ኪሷ ከተተችው። ኮምፒውተሩን ዘጋች። የፕሪንተሩ መብራት ጠፋ። ጎንበስ ብላ ከወጣች በኋላ ቀና አለች።

ወንድሟ መተላለፊያው ላይ ቆሞ ነበር፤ ዓይኑ ቀልቷል። «ሚጡ፣ ይቅር በዪኝ» አለ። ኮቷን ስትደርብ ደግሞ ደነገጠ። «ወዴት ነው?»

«ቤቴ» አለችው፣ «ለቀብሩ ነገ በጠዋት እመጣለሁ።» የግቢው በር ላይ ያለው ፖሊስ ገለል ብሎ አሳለፋት።