በጨው ገንዳ የሞቱት ዓሦች

የተክሌ ራስ ቅል ከኋላ በኩል ገብቷል። በደረቱ እንደተደፋ ቀኝ እጁ ከትልቁ የመስታወት ገንዳ ሥር ተዘርግቷል፤ ደሙም ወለሉ ላይ ከፈሰሰው ውሃ ጋር ተቀላቅሎ እስከ በሩ ደርሷል። ከበላዩ፣ ገንዳው ውስጥ፣ ዓሦቹ ሆዳቸውን ወደ ላይ አድርገው ተንሳፈዋል።

የመቶ አለቃ በድረዲን ከወልድያ ተጠርቶ የመጣው በ1972 ዓ.ም. ኅዳር ወር፣ ከቆቦ ወጣ ብሎ ወዳለው ትንሽ የዓሣ ማላመጃ ጣቢያ ነበር። ሬሳው አጠገብ ተንበርክኮ ሳለ ከጎረቤት ክፍል የሰው ጩኸት ሰማ።

«ማነው?»

«ገዳዩ ነዋ» አለው የአካባቢው ካድሬ ጓድ አራጌ። «ዘበኛው አሊ። ትናንት ከሟቹ ጋር ተጣልቷል፤ ዱላውም እዚሁ ተገኝቷል። ሰውየውን ገድሎ ዓሦቹን መርዟል። ይህ የለየለት አሻጥር ነው። ከሰዓት በኋላ ሕዝብ ፊት እርምጃ ይወሰድበታል።»

«እስከዚያ ድረስ እስረኛው የእኔ ነው። ግርፋቱን አስቁም።»

አራጌ ፊቱን አጨማዶ እጁን ወደ በሩ አወዛወዘ።

አሊን ከእንጨቱ ላይ ሲያወርዱት መቆም አልቻለም። በወፌ ላላ የተገረፈ ውስጥ እግሩ ተተልትሎ ሥጋው ቀልቷል። በድረዲን አጠገቡ ቁጢጥ አለ።

«አያ አሊ፣ ከተክሌ ጋር ተጣልታችኋል?»

«ተጣልተናል። ከብቱ በውሃ ጥም እያለቀ አንተ የጉድጓዱን ውሃ ለዓሣ ታጠጣለህ፣ አላህን አትፈራም ወይ አልኩት። እጄን ግን አላነሳሁበትም፣ ወላሂ!»

«ዱላህስ?»

«በሩ ላይ ነው የማቆመው። መግሪብ ልሰግድ ሄጄ ስመለስ መብራቱ ጠፍቷል። ተኝቷል ብዬ አልፌ ተቀመጥኩ።»

በድረዲን ዱላውን አገላብጦ አየው። ቀጭን ነው፤ ጫፉ ደም ተቀብቷል እንጂ አንድ ፀጉር እንኳ አልያዘም። የተክሌ ቁስል ደግሞ ክብና ጥልቅ ነው። ዓይኑን በክፍሉ አዞረ። ጥግ ላይ ከአፋር በግመል የመጣ አሞሌ ተከምሯል፤ ከጎኑ ሙቀጫና የብረት ዘነዘና አለ። ሙቀጫው፣ ግድግዳው፣ ወለሉ ሁሉ በጨው ነጥቷል። ዘነዘናው ብቻ ጠቁሮ ያብረቀርቃል።

ዓይኗ በለቅሶ ያበጠውን የተክሌን ረዳት፣ ዘነበችን፣ ጠራት።

«ይህን ብረት ማን አጠበው?»

«እኛ አናጥበውም። ተመልሶ ጨው ሊወቀጥበት ምን ያደርጋል?»

«እስቲ ሥራችሁን አስረጂኝ።»

ሦስቱን ገንዳዎች በተራ አሳየችው። «ዓሣው ቆሮሶ ነው፤ ከሐሸንጌ ሐይቅ ነው ያመጣነው። እዚህ የመጀመሪያው ገንዳ ውስጥ ያለው ተራ ውሃ ነው። ጨው ጥቂት ጥቂት እየጨመርን እናቆየውና ሲለምድ ወደ መካከለኛው እናዛውረዋለን። እዚያም እንደዚሁ። መጨረሻ ላይ ትልቁ ውስጥ ይገባል፤ የእሱ ውሃ እንደ ባሕር ነው።»

«ቢቸኮልስ?»

«ከተራው ውሃ አውጥተው በቀጥታ ትልቁ ውስጥ ከጣሉት ጨው ውሃውን ከገላው መጥጦ ይጨርሰዋል። ጋሽ ተክሌ ሁልጊዜ፣ ዓሣን አታስደንግጪው፣ ይል ነበር።»

የመጀመሪያው ገንዳ ከዓሣ ባዶ ሊሆን ምንም አልቀረውም። በድረዲን ይህን ልብ ብሎ አየ።

«መካከለኛው ውስጥ ያሉትስ ደርሰዋል?»

«ሰሞኑን ልናዛውራቸው ነበር።»

«አንዱን አውጪና ትልቁ ውስጥ ልቀቂው።»

«ውሃው ተመርዟል እየተባለ!»

«ልቀቂው።»

አንዱን ጨልፋ ለቀቀችው። ዓሣው ወደ ታች ሰመጠ፣ ጥቂት ቆየ፣ ከዚያ በሬሳዎቹ መካከል መዋኘት ጀመረ።

ውጭ ግንብ ላይ አንድ ሰው ተቀምጦ ያለቅሳል። ታረቀኝ ይባላል፤ ይህን ሥራ ከተክሌ ጋር አብሮ የጀመረ ባለሙያ ነው።

«ነፍስ ይማር። የት ነበርክ?» አለው በድረዲን።

«ዋጃ፣ አክስቴ ዘንድ። ትናንት ቀትር ላይ ታጥቤ ልብስና ጫማ ቀይሬ ሄድኩ። ዛሬ ጠዋት መርዶው ሲደርሰኝ በጭነት መኪና ከነፍኩ።»

«ገብተህ አየኸው?»

«አልቻልኩም። እንደ ወንድሜ ነበር። በር ላይ ነው የቆምኩት።»

«ለመሆኑ ተክሌ ዓሦቹን ምን ሊያደርጋቸው ነበር?»

«አሰብ ወስዶ ባሕር ውስጥ ሊያረባቸው ነበራ። ከዚያ እሱ ራሱ ወደ ውጭ አገር ይላካል፣ ለትምህርት።» ታረቀኝ አፍንጫውን ጠረገ። «ይገባዋል።»

በድረዲን ጎንበስ ብሎ የታረቀኝን ጫማ በጣቱ ነካ አደረገ፤ ጣቱን በምላሱ ቀምሶ ተነሳና ግቢውን፣ ከክፍሎቹ ጀርባ የቆሙትን በርሜሎችም ጭምር፣ ዞሮ አየ።

ከሰዓት በኋላ ሰዎቹን ሁሉ ገንዳዎቹ ባሉበት ክፍል ሰበሰባቸው። አሊን ሁለት ታጣቂዎች ተሸክመው አስገቡትና ግድግዳ አስደግፈው አስቀመጡት። አራጌ ሽጉጡን አውጥቶ ጭኑ ላይ አድርጓል።

«ሕዝቡ እየጠበቀ ነው። አሳጥረው» አለ።

«ገንዳውን እይ፣ ጓድ አራጌ። ያ የሚዋኘው ዓሣ ከጠዋት ጀምሮ እዚያ ውስጥ ነው። ውሃው መርዝ ቢኖረው ይሞት ነበር። የሞቱት ጨው ያልለመዱ ናቸው፤ ከመጀመሪያው ገንዳ ተጨልፈው የተጣሉ።»

«ታዲያ ትልቁ ገንዳ ውስጥ የነበሩት የተክሌ ዓሦች የት ሄዱ?»

«ገዳዩ ወሰዳቸው። ሁሉም ሞቱ ከተባለ ማንም አይፈልጋቸውም። አሊ ቂም ቢይዝ ኖሮ ገንዳውን በአንድ ምት ሰብሮት ይሄድ ነበር። በሕይወት ያለውን ዓሣ በዓሣ ሬሳ መተካት የሥራውን ውስጥ የሚያውቅ ሰው ተንኮል ነው። የሚያውቁት ደግሞ ሁለት ናቸው።»

ዘነበች ወደ ኋላ አፈገፈገች።

«ተክሌ የተመታው በዚህ ዘነዘና ነው። ታጥቦ ተመለሰ፤ የአሊ ዱላ ደግሞ ደም ተቀብቶ እዚህ ተጣለ። ዘነበች ብትሆን ኖሮ፣ ብረቱ አይታጠብም ብላ ራሷን አታጋልጥም፤ ዓሣውንም በእጇ ለቃ የመርዙን ወሬ አታፈርስም።» በድረዲን ዞረ። «ታረቀኝ፣ ትናንት ጫማ ቀይረህ ወጣህ፤ ከዚያ ወዲህ እዚህ አልገባህም። እንዲህ አይደል ያልከኝ?»

«አዎ።»

«በጭነት መኪና ከዋጃ የመጣ ሰው ጫማው አቧራ ይለብሳል። ያንተ ስፌቱ ድረስ ነጭ ነው። ቀምሼዋለሁ፤ ጨው ነው።»

«ጨው የሌለበት ጫማ እዚህ ማን አለው?»

«ጥሩ። ጓድ አራጌ፣ ለታጣቂዎችህ ንገራቸው፤ ግቢው ውስጥ ያለውን በርሜል ሁሉ ይድፉት። ከታረቀኝ ክፍል ጀርባ ካለው፣ እርጥብ ጆንያ ከለበሰው ይጀምሩ።»

አንዱ ታጣቂ ወደ በሩ ተራመደ።

«አትንካው!» ብሎ ጮኸ ታረቀኝ።

ሁሉም ወደ እሱ ዞሩ። ታረቀኝ ራሱ በጩኸቱ ደነገጠ። ከዚያ ለቅሶው ከፊቱ ላይ ጠፋ።

«አብረን ጀመርነው» አለ። «እጄ እስኪላጥ አሞሌ የወቀጥኩት እኔ ነኝ። አሰብ የሚሄደው፣ ስሙ የሚነሳው ግን እሱ! እባክህ የእኔንም ስም አንሳልኝ አልኩት። ጀርባውን ሰጥቶኝ ዓሦቹን ይመግባል። ጀርባውን!»

«እሱ ከሞተ የደበቅካቸውን ዓሦች የራስህ አድርገህ ታወጣለህ፤ ሥራውን ከባዶ ያነሳው ታረቀኝ ነው ሊባል ነው» አለ በድረዲን።

ታረቀኝ ዘነዘናውን ከጥጉ መንጭቆ ወረወረው። በድረዲን ግንባሩን በክንዱ ሲከላከል የክንዱ አጥንት ሲሰበር ተሰማ። ብረቱ ነጥሮ ትልቁን ገንዳ መታው፤ መስታወቱ ተሰነጣጥቆ ተናደ፣ የጨው ውሃው በሰዎቹ እግር ላይ ጎረፈ። ታረቀኝ እንደ ጩቤ የሾለ ስባሪ አንስቶ ወደ ዘነበች ሲንደረደር አንዱ ታጣቂ በሰደፍ አገጩን መትቶ ጣለው። ጥርሱን ከነደሙ እየተፋ ወለሉ ላይ ተንከባለለ።

«በቃ! በሕግ ነው የምወስደው!» አለ በድረዲን ክንዱን እንደያዘ።

አራጌ ሁለት ጊዜ ተኮሰ። የታረቀኝ እግር ጥቂት ተንፈራግጦ ቀጥ አለ።

«እርምጃ ተወስዷል» አለ አራጌ፣ ሽጉጡን ወደ አፎቱ እየመለሰ።

በድረዲን ክንዱን እንደያዘ ወደ ሬሳው ቀረበ። ገዳይ ብሎ ያጋለጠው ሰው እግሩ ሥር ሞቶ ተዘርግቷል፤ አንድም ዳኛ አልጠየቀውም።

«አንቺ» አለ አራጌ ወደ ዘነበች ዞሮ፣ «ሥራው አይቆምም። በርሜሉ ውስጥ ያሉትን ይዘሽ አሰብ የምትሄጂው አንቺ ነሽ። አሁኑኑ ሂጂና እያቸው።»

ዘነበች ወደ በርሜሉ ሳይሆን ወደ አሊ ሄደች። ነጠላዋን አውልቃ ለሁለት ቀደደችና አሊ ፊት ተንበርክካ እግሮቹን አንድ በአንድ ጠቀለለች። የጨው ውሃው ቁስሉ ውስጥ ገብቶበት ሽማግሌው ጥርሱን ነክሷል።

«ቀስ በይ ልጄ» አለ።

ስትጨርስ ቀና ብላ ጠዋት አሊን ሲገርፍ የነበረውን ታጣቂ አየችው።

«ና፣ በብብቱ ያዘው» አለችው። «የመቶ አለቃው መኪና ድረስ እንሸከመዋለን።»

ታጣቂው ወደ አራጌ አየ፤ ከዚያ ጠመንጃውን ግድግዳው ላይ አስደግፎ ጎንበስ አለ።