ሐሴት፣ እማዬ እና ሦስተኛው ሞገድ

ሐሴት የምትኖረው በሞቃት ውቅያኖስ መካከል ባለች ትንሽ ደሴት ነው። እናቷ መምህርት ሰናይት የደሴቷን ልጆች ልታስተምር ከኢትዮጵያ ስትመጣ ሐሴትንም ይዛት መጣች።

ከቤታቸው ፊት ለፊት ባሕር አለ። ከባሕሩ ሥር ደግሞ ኮራል የሚባል ሹል የባሕር ድንጋይ ተኝቷል።

ሞገድ ከሩቅ ዝም ብሎ ይመጣል። ድንጋዩ ጋ ሲደርስ ብድግ ይላል፤ ከዚያ ይፈርሳል።

«ሽሽሽሽ... ቧ!»

የደሴቷ ልጆች ይህን ሞገድ ይጋልቡታል። ፈረሱ ሞገድ ነው፤ ኮርቻው ሳንቃ ነው።

ሳንቃውን የሚሠሩላቸው ጎረቤታቸው ባቡ ሐሚሲ ናቸው። በደሴቷ ቋንቋ «ባቡ» ማለት አያት ማለት ነው።

ባቡ ሐሚሲ ካረጀ ጀልባ ላይ ሳንቃ ይነቅላሉ። ከዚያ ቁጭ ብለው ያለሰልሱታል። «ክርት! ክርት! ክርት!»

ለሐሴትም አንድ ሠሩላት።

«ስሚ ልጄ» አሏት። «ባሕሩ ሲጎድል ኮራሉ ጥርሱን ያወጣል። ያኔ አይገባም። ዳር ላይ ያለው ያ ጥቁር ድንጋይ እስከ አናቱ በውሃ ሲሸፈን ነው የምንገባው።»

«ደግሞም ሞገድ ብቻውን አይመጣም። ወንድሞቹን አስከትሎ ነው። በመጀመሪያው ላይ ከወደቅሽ የኋለኞቹ ይወጡብሻል። ስለዚህ ምን እንላለን?»

ልጆቹ ሁሉ ጮኹ። «አንደኛው ይለፍ! ሁለተኛው ይለፍ! ሦስተኛው የእኔ ነው!»

ሐሴት ግን ቸኮለች። አንደኛው ሞገድ ሲመጣ ዘላ ወጣችበት።

«ቧ!» ወደቀች። ቀና ስትል ሁለተኛው ደረሰ። «ቧ!» አሁንም ቀና ስትል ሦስተኛው። «ቧ!»

አፍንጫዋ ውስጥ ጨው ገባ። ጆሮዋ ውስጥ አሸዋ ገባ።

ባቡ ሐሚሲ ከጀልባቸው ላይ እጃቸውን ዘርግተው አወጧት። «እሰይ፣ ለዛሬ ታጥበሻል!» አሏት።

በማግስቱ ሐሴት አልቸኮለችም። አንደኛው ይለፍ። ሁለተኛው ይለፍ። ሦስተኛው የእኔ ነው!

በሆዷ ተኛች። ተንበረከከች። ከዚያ ቆመች!

«ሽሽሽሽ...» ሞገዱ ሐሴትን ተሸክሞ እስከ ዳር አመጣት።

ሐሴት ወደ ኮኮናቱ ዛፍ ሮጠች። እማዬ ከዛፉ ሥር ተቀምጣ ደብተር ላይ አቀርቅራለች።

«እማዬ! ቆሜ ጋለብኩ! ነይ፣ አንቺም ግቢ!»

«ዛሬ ደብተር አርማለሁ» አለች እማዬ።

በሌላ ቀን ሐሴት እንደገና ጠራቻት። «እማዬ፣ ነይ ግቢ!»

«ዛሬ ፀጉሬን ተሠርቻለሁ» አለች እማዬ።

በሌላም ቀን ጠራቻት። «እማዬ፣ ነይ ግቢ!»

«ዛሬ ነፋስ አለ» አለች እማዬ። ነፋስ ግን አልነበረም። የኮኮናቱ ቅጠል እንኳ አልተነቃነቀም።

የጎረቤት ልጅ ዙሁራ ሳቀች። «የሐሴት እናት ጨው ናት! ውሃ ሲነካት ትሟሟለች!»

ልጆቹም ተቀበሏት። «ጨው ናት! ጨው ናት!»

ሐሴት ሳንቃዋን አንስታ ወደ ቤት ሄደች።

በማግስቱ ሳንቃው ግድግዳውን ተደግፎ ዋለ። በሦስተኛውም ቀን እንደዚያው ዋለ።

ጥቁሩ ድንጋይ እስከ አናቱ ተሸፈነ። ሐሴት ግን ደጃፉ ላይ ተቀምጣ የእግሯን ጣቶች ታያለች።

«ምነው አልሄድሽም?» አለች እማዬ።

«አንቺ ሞገዴን አትወጂውም» አለች ሐሴት። «አንድ ቀን እንኳ ቀና ብለሽ አላየሽኝም።»

እማዬ አጠገቧ ተቀመጠች። የቀሚሷን ጫፍ በጣቷ ጠቀለለች፤ ፈታች፤ እንደገና ጠቀለለች።

«አንድ ነገር ልንገርሽ» አለች። «ለማንም ነግሬ አላውቅም።»

«ለአያቴም?»

«ለእሷም።»

እማዬ አንገቷን ደፋች። ድምፅዋ በጣም ትንሽ ሆነ።

«ውሃ እፈራለሁ።»

ሐሴት አፏን ከፈተች። «አንቺ? ሰሌዳው ላይ ባሕር የምትስዪው? የዓሣውን ስም ሁሉ የምታውቂው?»

«ከመጽሐፍ ነው የማውቀው» አለች እማዬ። «ልክ እንዳንቺ ስድስት ዓመቴ ሳለ ወንዝ ስንሻገር እግሬ አዳለጠኝ። ሰዎች ጎትተው አወጡኝ። ከዚያ ወዲህ ከቁርጭምጭሚቴ ከፍ ያለ ውሃ ገብቼ አላውቅም።»

«ደብተሩስ?»

«ስትወድቂ እንዳላይ ብዬ ነው የማቀረቅረው። የዙሁራን ደብተር ሦስት ጊዜ አርሜዋለሁ።»

ሐሴት ልትስቅ ነበር። የእማዬን ፊት ስታይ ግን ተወችው።

«ሞገዴን ትጠዪዋለሽ?»

«አልጠላውም። አንቺን እንዳይወስድብኝ ነው።»

ሐሴት አሰበች፣ አሰበች። ከዚያ ሳንቃዋን አነሳች።

«ትልቁ ሞገድ ጋ አንሄድም» አለች። «ዳር ላይ ትንንሾቹ አሉ። ኮራል የለም፤ አሸዋ ብቻ ነው። እጅሽን እይዛለሁ።»

እማዬ ሳንቃውን አየች። ባሕሩን አየች። «እጄን እንዳትለቂ» አለች።

ውሃው የእማዬን ቁርጭምጭሚት ነካ። ቆመች።

ጉልበቷን ነካ። ቆመች። የሐሴትን እጅ ጭምቅ አደረገች።

ወገቧ ደረሰ። ትንሽ ሞገድ መጣ። «ሽሽሽ...»

«አንደኛው ይለፍ» አለች ሐሴት።

«ይለፍ» አለች እማዬ።

«ሁለተኛው ይለፍ።»

«ይለፍ!»

«ሦስተኛው የእኔ...»

«ሦስተኛውም ይለፍ!» አለች እማዬ።

አራተኛውም አለፈ። አምስተኛውም አለፈ። ስድስተኛውም አለፈ።

ልጆቹ ዳር ላይ ተሰብስበው ማየት ጀመሩ። ዙሁራ አንድ ነገር ልትል ስትል ባቡ ሐሚሲ ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አደረጉ።

«ባሕሩ የትም አይሄድም» አሉ። «ትቆይ።»

ሰባተኛው አለፈ። ስምንተኛው አለፈ።

ዘጠነኛው ሲመጣ እማዬ ዓይኗን ጨፈነችና በሆዷ ሳንቃው ላይ ተኛች። ሐሴት ከኋላ ገፋች።

«ሽሽሽሽሽሽ...»

ሳንቃው ሄደ። እማዬም ሄደች። አሸዋው ላይ ወጥታ ቀጥ አለች።



ዙሁራ ቀረብ አለች። «መምህርት» አለች። «አፍንጫዎ ላይ አሸዋ አለ።»

እማዬ አንድ ዓይኗን ከፈተች። ከዚያ ሁለተኛውን። ከዚያ ሳቀች፤ ልጆቹም ባቡ ሐሚሲም ሳቁ።

«አሁን አንቺ ሂጂ» አለች እማዬ ለሐሴት። «እኔ እዚህ ነኝ።»

ሐሴት በሳንቃዋ ላይ ተኝታ ወደ ትልቁ ሞገድ ቀዘፈች። እማዬ ውሃው ውስጥ እስከ ጉልበቷ ቆመች፤ በሁለት እጇ ቀሚሷን አጥብቃ ይዛለች።

አንደኛው አለፈ። ሁለተኛው አለፈ። ሐሴት በሦስተኛው ላይ ቆመች።

እማዬ ዓይኗን አልጨፈነችም። ወደ ታችም አላየችም። ሐሴት ዳር እስክትደርስ ድረስ አየቻት።

ማታ እራት በሉ፤ የገላቸውን ጨው ታጠቡ፤ አንድ አልጋ ላይ ተኙ። ከውጭ ባሕሩ «ሽሽሽሽ...» ይላል።

«እማዬ፣ አሁንም ትፈሪያለሽ?» አለች ሐሴት በሹክሹክታ።

«ትንሽ» አለች እማዬ።

«ትንሽ ብቻ?»

«ኧረ ብዙ!»

ሁለቱም ብርድ ልብሱ ሥር ሳቁ። ሐሴት የእማዬን እጅ ያዘች።

እማዬን እንቅልፍ እስኪወስዳት ድረስ አለቀቀችውም። ከዚያ እሷም ተኛች።