የሙሴ ቦታ

ጠዋት ጠዋት ማርያማዊትና እናቷ ከአብነት ሰፈር በእግራቸው መጥተው የሱቃቸውን ቁልፎች ይከፍታሉ፤ በሩን ግን አያነሡትም። ወደ ላይ የሚጠቀለለው የብረት በር ስለተጣመመ ጉልበት ይፈልጋል። ከጎናቸው ጨርቅ በጅምላ የሚሸጡት ጋሼ ሰላሁዲን ጃኬታቸውን አውልቀው ለልጃቸው ለሙናዊር ያስይዙና «ቢስሚላህ» ብለው በአንድ ትንፋሽ ያነሡታል። እናቷ እትዬ በለጥሻቸው «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» ትላለች፤ እሳቸው «አሚን» ይላሉ። ከዚያ ሁሉም ወደየሥራው ይገባል። እናቷ የክርና የዚፕ ካርቶኖቿን ወደ ውጭ ታወጣለች፤ ሁለቱ ልጆች ቦርሳቸውን አንግበው፣ ከተሸካሚዎች መንገድ እየሸሹ ወደ ትምህርት ቤት ይሄዳሉ።

አባቷ ኪዳነ ማርያም በሕይወት ሳለ በሩን የሚያነሣው እሱ ነበር። ካረፈ በኋላ ሱቁ እንደገና በተከፈተበት ጠዋት ጋሼ ሰላሁዲን ሳይጠሩ መጡ፤ ከዚያ ወዲህ ቀርተው አያውቁም። ስለዚህ ነገር ማንም ምንም ተናግሮ አያውቅም።

አንድ ሐሙስ ሙናዊር ቀድሞ ሄዶ ስለነበር ጃኬቱን የያዘችው ማርያማዊት ናት። ጋሼ ሰላሁዲን በሩን አነሡ፤ እጃቸውን አራገፉ፤ ጃኬታቸውን ግን አልተቀበሏትም። እናቷ ወደ ውስጥ እስክትገባ ጠበቁና ስለ ትምህርት ቤቱ ቲያትር አነሡባት። የጻፍሽው አንቺ ነሽ አሉኝ፣ ማሻአላህ፣ መጥቼ ለማየት አስቤአለሁ አሏት።

«ሙናዊር ወንበርና ዕቃ ነው የማደራጀው ብሎኛል፤» አሉ ቀጥለው። «እንደሱ ነው?»

ማርያማዊት ዓይኗን ከጃኬቱ ላይ አላነሣችም።

«አዎ ጋሼ፤ ወንበር ነው።»

ራሳቸውን ነቀነቁና ጃኬታቸውን ተቀብለዋት ሄዱ። ከዚያ በፊት ለእሳቸው ዋሽታ እንደማታውቅ የገባት መንገድ ከጀመረች በኋላ ነው።

እውነቱ፣ ሙናዊር ወንበር አያደራጅም። ሙናዊር ሙሴን ሆኖ ነው የሚጫወተው።

ነገሩ የተጀመረው የአማርኛ መምህርታቸው ኤልሳቤት፣ ለዓመቱ መዝጊያ እያንዳንዱ ክፍል ስለ አንድ መሪ አጭር ቲያትር እንዲያዘጋጅ ስታዝ ነው። ዘጠነኛ «ለ» በስም ሲጨቃጨቅ ዋለ። አንዱ የኳስ አሠልጣኝ ይሁን አለ፤ ሌላው ንጉሥ። ማርያማዊት እጇን አወጣችና ሙሴ ይሁን አለች። የክርስቲያኑም ነው፣ የሙስሊሙም ነው፤ እሱን መርጦ የሚጣላ የለም። መምህርቷ ትንሽ አመንትታ፣ ስብከት እንዳይሆን አስጠንቅቃ ፈቀደች። ማርያማዊት በጣም ብልህ የሆነች መሰላት።

ሙናዊርን የመረጠችው ደግሞ ጓደኛዋ ስለሆነ ብቻ አልነበረም። ሙናዊር ይንተባተባል። ክፍል ውስጥ መልስ ሲሰጥ ቃሉ ጉሮሮው ላይ ይያዝና፣ እሱ ሳይጨርሰው ከኋላ ያሉት ይጨርሱለታል። በተለይ ማሙሸት፤ ሙድ መያዝ የሚችልበት ልጅ ነው፣ ሲጨርስለትም ድምፁን ጭምር አስመስሎ ነው። ስለዚህ ሙናዊር ብዙ ጊዜ እያወቀ «አላውቅም» ይላል። ሙሴ ግን፣ ወደ ፈርዖን ሂድ ሲባል፣ አፌ ኮልታፋ ነው፣ ሌላ ሰው ላክ ብሎ የለመነ ሰው ነው። ሕዝብን ያህል ነገር የተሰጠው ለማይናገረው ሰው ነው። ይህን ለሙናዊር ነገረችው። እሱም ይህ እኛም ጋ፣ ቁርአን ውስጥ አለ አላት፤ ሙሳ የምላሴን ቋጠሮ ፍታልኝ ብሎ የለመነበትን አንቀጽ መድረሳ እያለ በቃሉ ይዞታል።

«እሱን ስቀራ አል... አልንተባተብም፤» አላት።

በመጀመሪያው ልምምድ ሙናዊር መሬት መሬት እያየ ወጣ። «አ... አፌ ኮል... ኮልታፋ ነው» ሲል ማንም አልሳቀም። ፈርዖንን የሚጫወተው ማሙሸት እንኳ አፉን ከፍቶ ቀረ። ሲጨርስ መጥቶ ትከሻውን መታ አደረገውና፣ አንተ ልጅ ለካ ምርጥ አክተር ነህ፣ እንዴት ነው እንደዚህ ማስመሰል የቻልከው አለው። ሙናዊርና ማርያማዊት ተያዩና በሳቅ ፈረሱ። ልጁ ያንን ሁሉ ዓመት ሙድ የያዘበትን ነገር ረስቶት ነበር።

ከሳምንት በኋላ ነው ሙናዊር የደበቀውን የነገራት። በእነሱ ዘንድ ነቢይን መስሎ መጫወት አይፈቀድም። ማንም ሰው ነቢይ ነኝ ብሎ መድረክ ላይ አይቆምም፤ በቀልድም ቢሆን፣ በፍቅርም ቢሆን። ይህን ከመጀመሪያው ያውቅ ነበር። ለአባቱ የወንበሩን ነገር ነግሯቸዋል፤ ከጠየቁሽ አንቺም እንደዚያው በይ አላት።

«ታዲያ ለምን እሺ አልከኝ?»

«ስትሰጪኝ ደስ አለኛ፤» አላት። ይህንን ሲል አልተንተባተበም።

አሁን ተጠየቀች፤ እንደዚያውም አለች። በእረፍት ሰዓት ከቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ አግኝታው፣ አባትህ ጠይቀውኛል፣ ሊያዩህም ይመጣሉ አለችው። ሙናዊር ፊቱ ተለወጠ። እሷ ግን መንገድ አስባ ነው የመጣችው፤ ሙሴን ሌላ ልጅ ይሥራው፣ አንተ አሮንን ሁን አለችው።

«ሀሩንም ነ... ነቢይ ነው።»

«እሺ ዮቶርን፤ አማቱን።»

ሙናዊር ሳቁን መያዝ አቃተው። የሙሳ አማት ሹዓይብ ነው የሚሉ አሉ፤ ሹዓይብ ደግሞ ነቢይ ነው።

«እናንተ ጋ ነቢይ ያልሆነ ሰው አለ?»

«ፈ... ፈርዖን።»

ትንሽ ሳቁ። ከዚያ ሳቁ አለቀና ነገሩ እንደነበረ ተመልሶ መጣ። ሌላ ልጅ ቢሠራውም ለአባቱ ያው ነው፤ እንዲያውም ክፍሉ ውስጥ ያሉት ሙስሊም ልጆች፣ እነ ሀፍሷ፣ እስከ አሁን ዝም ያሉት ለእሱ ብለው እንደሆነ ነገራት። ማርያማዊት የጋራችን ነው ብላ መርጣው፣ ችግሩ የመጣው የጋራ ስለሆነ መሆኑ ያን ጊዜ ገባት። ንጉሥ ብትመርጥ ኖሮ ይህ ሁሉ አይመጣም ነበር።

ጋሼን ነገ በሩን ሲያነሡልን በምን ዓይኔ ነው የማያቸው አለችው።

«አንቺ ስለ በ... በር ታወሪያለሽ፤» አለ ሙናዊር። «እኔ ስለ አፌ ነው የማወራሽ።»

በማግስቱ ጋሼ ሰላሁዲን ሲመጡ ማርያማዊት ዚፕ የምትፈልግ መስላ ካርቶን ውስጥ አንገቷን ቀበረች። ቅዳሜም እንዲሁ። እናቷ ምነው ሰላም አትይም ብላ ተቆጣቻት።

እሑድ ከተክለ ሃይማኖት ቤተ ክርስቲያን ተመልሰው ምሳ እየበሉ መብራት ጠፋ። እናቷ ጉርሻዋን እንደያዘች ወደ ግድግዳው ዞር ብላ «ኪዳነ ማርያም፣ እስቲ ቆጣሪውን...» አለችና አቆመች። ከዚያ ጉርሻዋን በላች። ማርያማዊት ተነሥታ ቆጣሪውን አየች፤ የሰፈሩ መብራት ነበር የጠፋው። ተመልሳ ስትቀመጥ እናቷ ስለ ቲማቲም ውድነት ማውራት ጀምራ ነበር።

አባቷ ከሞተ ወዲህ በዚህ ቤት እንደዚህ ነው። ግድግዳው ሥር ያለው ወንበር ላይ ማንም አይቀመጥም፤ አትቀመጡበት ያለ ግን የለም። ጎረቤት ሲመጣ እንኳ አልፎት ወደ ሶፋው ይሄዳል። ውሳኔ ሲኖር እናቷ «እሱ ቢሆን» ትልና የራሷን ትወስናለች። ማርያማዊት የምትጎርሰውን ትታ ወንበሩን ስታይ ቆየች። የሌለ ሰው ቤት ውስጥ እንዴት እንደሚኖር ታውቃለች። ለማንም ተናግራው አታውቅም እንጂ በደንብ ታውቃለች።

ሳህኖቹን አጥባ ስትጨርስ መስኮቱ ሥር ተቀምጣ ቲያትሩን እንደ አዲስ መጻፍ ጀመረች። የሙሴን ንግግር ሁሉ ሰረዘች። ፈርዖን ይጮኻል፤ የሚጮኸው መድረኩ ላይ ማንም ወዳልቆመበት ቦታ ነው። ሕዝቡ በውኃ ጥም ያጉረመርማል፣ ግብፅ ይሻለን ነበር ብሎ ይሰድበዋል፤ የሚሰድበው ያንኑ ቦታ ነው። ከተራራው ሲዘገይ ይጨነቃሉ፤ ሲመለስ ከፊቱ ብርሃን የተነሣ ፊታቸውን ይሸፍናሉ። ለአርባ ዓመት እያማረሩት ተከትለውታል። መሪነቱን እሱ መናገር አላስፈለገውም፤ እነሱ በዞሩ ቁጥር የሚዞሩት ወደ እሱ ነው። መጨረሻው ላይ፣ ሊገቡባት ያሉትን ምድር እሱ ሳይገባባት ከናባው ተራራ ሆኖ በሩቁ ሲያያት፣ ከሕዝቡ አንድ ሰው ወደኋላ ይቀራል። ይህን ሰው አዲስ የፈጠረችው እሷ ናት። ስም አልሰጠችውም፤ ነቢይም አይደለም።

ሰኞ ወረቀቱን ለሙናዊር ሰጠችው። የመጀመሪያውን ገጽ አየ፤ የእሱ ንግግሮች የነበሩበትን ፈለገ። እስከ መጨረሻው ሳያነብ ወረቀቱን መልሶ እጇ ላይ አስቀመጠ።

«ስናገር ዝ... ዝም ያሉኝ ያን የልምምድ ቀን ብቻ ነው፤» አላት። ሌላ ምንም ሳይል ሄደ። በዚያ ሳምንት ወደ ትምህርት ቤት ብቻዋን ነው የሄደችው፤ ልምምድም አልመጣም።

ማክሰኞ ጋሼ ሰላሁዲን በሩን ካነሡ በኋላ ማርያማዊት ጃኬቱን ራሷ አቀበለቻቸው። እናቷ ከደንበኛ ጋር ነበረች።

«ጋሼ፣ ወንበር ነው ያልኩዎት ውሸት ነው።»

«አውቃለሁ፤» አሉ።

ካርቶኑ ላይ ተቀመጡና ቀስ ብለው ነገሯት። አንድ ቀን ከሰዓት ጨርቅ ሊቆጥሩ ወደ መጋዘን ሲገቡ ሙናዊር ከጣቃዎቹ ጀርባ ሆኖ ይለማመድ ነበር። ሙሳ ነኝ ሲል ሰሙት። ደማቸው ፈላ፤ ገብተው ሊቆጡት እግራቸውን አነሡ።

«ግን ንግግሩን አልጨረሰም ነበር፤» አሉ። «ላቋርጠው አቃተኝ። ልጄ ዕድሜውን ሙሉ ሰው ሲያቋርጠው ነው የኖረው። እስኪጨርስ ልጠብቅ አልኩ። ሲጨርስ ደግሞ ከመጀመሪያው ጀመረ።»

ያን ቀን ሳይቆጡት ወጡ፤ ከዚያም ሲነጋ ልናገረው፣ ሲመሽ ልናገረው እያሉ ቀናቱ አለፉ። ማርያማዊትን የጠየቋትም እውነቱን ለማወቅ ሳይሆን፣ ከሁለቱ አንዳቸው ቢነግሯቸው ብለው ነበር። አልከፋኝም፣ ግን ነቢዩላህ ሙሳን ማንም ሰው መስሎ አይጫወተውም አሏት፤ ፊቱ የማን ፊት ነው ይባላል? የእኔ ልጅ ፊት ነው?

ሙሴ መድረክ ላይ እንደማይወጣ ነገረቻቸው። እንዴት እንደሚሆን ስታስረዳ በእጇ ባዶውን ቦታ እያሳየች ነበር። ጋሼ ሰላሁዲን እጇን ተከትለው ወለሉን አዩ።

«ሙናዊርስ?»

«ተቀይሞኛል ጋሼ። የሰጠሁትን መልሼ ወሰድኩበት።»

«ይቀየም፤ ልክ ነው፤» አሉና ተነሡ። «እኔ ደግሞ የምነግረው አለኝ።»

ምን እንደነገሩት ማርያማዊት አላወቀችም፤ አልጠየቀችምም። በመጨረሻው ልምምድ ቀን ግን ሙናዊር አዳራሹ በር ላይ ቆሞ አገኘችው። ሰላም አላላትም።

«የ... የኔ ወረቀት የታለ?»

ሰጠችው። እዚያው ቆሞ አነበበና ከሕዝቡ መሀል ገብቶ ቆመ። ማሙሸት አሁንም ይነጫነጫል፤ ማን ላይ ነው የምጮኸው፣ አየር ላይ ስጮህ ሙድ ይያዝብኛል አለ። የሙሴን እህት ምርያምን የምትጫወተው ልጅ ጸሎት ደግሞ፣ ለሰው ግልጽ እንዲሆን ቦታው ላይ በትር እናቁም፣ ወይም ነጭ ነጠላ ያለበት ወንበር አለች። መምህርት ኤልሳቤት ጥሩ ሐሳብ ነው ብላ ወደ ማርያማዊት ዞረች። ሁሉም ዞሩ። በትሩ ተዘጋጅቶ ግድግዳው ላይ ተደግፏል፤ ቆንጆ በትር ነው።

ማርያማዊት ባዶውን ወለል አየችው።

«ምንም አይቀመጥበት፤» አለች። «ያውቁታል።»

በመዝጊያው ቀን ጋሼ ሰላሁዲንና እናቷ ከኋላ ተርታ ጎን ለጎን ተቀምጠው ነበር። ማሙሸት በፈርዖን ዘውድ ወደ ባዶው ቦታ ሲጮህ መጀመሪያ አንዳንዶች ሳቁ። ሕዝቡ ሲያጉረመርም ሳቁ ቀነሰ። ሕዝቡ ፊቱን ሲሸፍን ዝም አሉ። መጨረሻው ላይ ሁሉም ጓዙን ይዞ ወደ ማዶ ተሻገረ፤ ሙናዊር ብቻ ወደኋላ ቀረ። አንገቱን ወደ ላይ፣ ወደ ባዶው ተራራ አቀናና አፉን ከፈተ፤ ቃሉ ተያዘበት። አዳራሹ ጠበቀ። ማሙሸት ከማዶ ሆኖ ከንፈሩን ነክሶ ጠበቀ።

«አ... አንተስ?» አለ ሙናዊር። «አንተ አት... አትሻገርም?»

ከመድረኩ ዳር ማርያማዊት እናቷን አየቻት። እናቷ ሙናዊርን ሳይሆን እሱ የሚያየውን ቦታ ትመለከት ነበር። ሙናዊር የሚገባውን ያህል ጠበቀ፤ ከዚያ ጓዙን አንሥቶ ወደ ማዶ ሄደ። መድረኩ ላይ ሙሴ አልነበረም።