ሁለቱም ዲስኮች

ስክሪኑ ላይ የወጣው ጥያቄ አንድ መስመር ብቻ ነበር፤ የትኛው ዲስክ ይጣል? ጉፍራን ጣቶቿን ከቁልፎቹ ላይ አነሳች።

በቱኒዝያዋ ስፋቅስ ከተማ ያለውን ትምህርት ቤታቸውን መንገድ ለሁለት ከፍሎታል። በአሮጌው ሕንፃ አንድ ሰርቨር፣ በአዲሱም ሌላ አለ። አንዱ ላይ የተጻፈ ወዲያው በሌላው ዲስክ ላይ ይገለበጣል፤ አንዱ ቢበላሽ ሌላው እንዲተርፍ። ያን ዕለት አራት ሰዓት ላይ የውኃ መስመር የሚቆፍር ኤስካቫተር በመካከል ያለውን ኬብል በጠሰው። መተያየት ሲያቅታቸው እያንዳንዱ ሰርቨር ሌላው የሞተ መስሎት ብቻውን ሥራውን ቀጠለ። ቀትር ላይ ኬብሉ ሲቀጠል በአሮጌው ሕንፃ ዲስክ ላይ የእነጉፍራን ክፍል የዓመቱ መጨረሻ ፕሮጀክት ገብቷል፤ በአዲሱ ደግሞ የሃያ ሦስት ዘጠነኛ ክፍል ተማሪዎች የፈተና መልስ። አንዱ ካልተጣለ ሁለቱ አይገጥሙም።

የኮምፒውተር ክበቡ መምህር ሲ ሞንጂ (አቶ ሞንጂ እንደማለት ነው) ሰርቨሮቹን እንደወትሮው ለጉፍራን ትተው ለስብሰባ ቱኒስ ሄደዋል። ርዕሰ መምህርቷ ማዳም ሰልዋ ደግሞ የፈተናው ውጤት ስምንት ሰዓት ላይ ስለሚላክ ቶሎ እንዲያልቅ ሁለት ጊዜ ደውለው አሳስበዋል።

«የነሱን ጣዪው» አለች አጠገቧ የተቀመጠችው ጓደኛዋ ሜይስ። ፕሮጀክቱን ሦስት ሳምንት ለፍታበታለች። «ሴቭ አላደረጋችሁም ይባላሉ፣ አለቀ።»

«ግማሾቹ እኮ አውቶቡስ ተሳፍረው ገጠር ገብተዋል። ከየት አምጥተን ነው እንደገና የምንፈትናቸው?»

«አቦ አታካብጂ። የኛን ልትጥዪው ነው እንግዲህ?»

ጉፍራን ሌላ መንገድ እንዳለ ታውቃለች፤ ሁለቱንም ዲስኮች እንዳሉ ወደ ሌላ ገልብጦ የጎደለውን አንድ በአንድ ማሟላት። ይህ ግን ለስምንት ሰዓት አይደርስም። ጊዜ ስትጠይቅ ደግሞ፣ ሁለቱም ሰርቨሮች ለምን ቀጠሉ የሚል ሰው መምጣቱ አይቀርም።

ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ «ዳኛው» የሚሏት ትንሽ ኮምፒውተር አለች። ኬብል ሲበጠስ አንዱን ቀጥል፣ ሌላውን ቁም የምትለው እሷ ናት። በመጋቢት ከመጠን በላይ እየጋለች በጠፋች ቁጥር ሰርቨሮቹም ይቆሙ ነበር፤ መምህራኑ ደግሞ ጉፍራን ላይ ይጮኹባት ነበር። ሲመርራት ጊዜ ሁለቱንም ሰርቨሮች ዳኛውን ሳይጠብቁ እንዲሠሩ አዘዘቻቸው። ለሲ ሞንጂ ዳኛው ተስተካክሏል አለቻቸው። እሳቸውም በክበቡ ፊት አመሰገኗት።

ሜይስ እጇን ወደ ቁልፎቹ ዘረጋች። «ካልቻልሽ እኔ ልጫነው።»

ጉፍራን ሰርቨሮቹ እንዳይገናኙ ጎንበስ ብላ ገና የተቀጠለውን ኬብል ከሰርቨሩ ጀርባ ነቀለችው። ከዚያ ስልኳን አንስታ ደወለች። ሲ ሞንጂ ምንም አለመጣሏን ሲሰሙ ደግ አደረግሽ አሏት። ወዲያው ግን የፈራችው ጥያቄ መጣ።

«ዳኛው የት ሄዶ ነው ሁለቱም የቀጠሉት?»

«አትጠብቁት ብዬ ያዘዝኳቸው እኔ ነኝ። ተስተካክሏል ያልኩዎትም ውሸቴን ነው።»

በስልኩ ውስጥ የቱኒስ መኪኖች ጥሩምባ ይሰማል። ከዚያ ሲ ሞንጂ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው መጀመሪያ ሁለቱንም እንድትገለብጥ፣ ስትጨርስም የሰርቨር ክፍሉን ቁልፍ ለዘበኛው እንድትሰጥ ነገሯት። ስለ ሌላው ስመጣ እንነጋገራለን ብለው ዘጉት።

የመጠባበቂያውን ዲስክ መጀመሪያ እዚሁ ሰርቨር ላይ ሰካች። መገልበጡ ሁለት ሰዓት ይፈጃል ይላል ስክሪኑ።

«የኔ ሥራ ከጠፋ አላናግርሽም» አለች ሜይስ፣ ዓይኗን ከስክሪኑ ሳትነቅል።

እንዳትነኪው ልትላት ከአፏ ደርሶ ነበር። ተወችውና ብቻዋን ትታት ወጣች። መንገዱን ተሻግራ የርዕሰ መምህርቷን በር አንኳኳች።

«ማዳም፣ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ጊዜ ያስፈልገናል» አለች። ማዳም ሰልዋ ቀና ሲሉ በሩን ከኋላዋ ዘጋች። «ለምን እንደሆነም ልንገርዎት።»