ከካሴቱ የቆረጥኩት ድምፅ

ይኼ የሆነ ነገር ነው። ካላመናችሁኝ አልለምናችሁም... አዳራሽ ሙሉ ሰው ሰምቶታል።

ጊዜው በፈረንጆቹ 2007፣ ጁላይ ወር። ቦታው ካናዳ፣ ካልጋሪ፣ ፎረስት ሎን ያለችው የአማርኛ ቤተ ክርስቲያናችን። ሰዓቱ ሌሊት እንዳይመስላችሁ። የጀመረው ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ነው፣ ፀሐይ አናት በምትበሳበት ሰዓት።

ከማስፈራቱ በፊት ግን ያናድዳል። አሁን ስጽፈው እንኳ የሚቀድመኝ ፍርሃቱ አይደለም... ንዴቱ ነው።

ከሥሩ ልንገራችሁ።

ያን ጊዜ ካልጋሪ በነዳጅ ገንዘብ ሰክራለች። ከየአገሩ ሠራተኛ ይጎርፋል፣ የሚከራይ ቤት ግን የለም። እኔ ጨቅላ ልጄን ባርናባስን ይዤ የጋሽ ገረመው ቤት ቤዝመንት፣ ምድር ቤቱ ውስጥ ተከራይቼ እኖር ነበር። ገረመው የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ነው። ፊት ለፊት ሳገኘው አንቱ እለዋለሁ። እዚህ ግን "እሱ" ነው የምለው፤ ይቅርታም አልጠይቅም።

በ2006 ጃንዋሪ፣ አንድ ጠዋት በሬን አንኳኳ።

"እህት ምሥራች፣ ቤቱን ለዘመድ ፈልጌዋለሁ። እስከ ቅዳሜ ልቀቂልኝ።"

"ጋሼ፣ በዚህ ብርድ ልጅ ይዤ የት እሄዳለሁ?"

"ጌታ ያዘጋጃል።"

ጌታ ያዘጋጃል! እኔ በወጣሁ በሳምንቱ እጥፍ ሬንት የሚከፍሉ የነዳጅ ኩባንያ ሠራተኞች ገቡበት። ዘመዶቹ እነሱ መሆናቸው ነው።

ያስጠጉኝ እትዬ ፀሐይወርቅ ናቸው። ካስልሪጅ ባለችው ጠባብ ቤታቸው አልጋቸውን ለእኔና ለልጄ ለቀው ሶፋ ላይ ተኙ። ቤተ ክርስቲያኗንም የጀመሯት እሳቸው ናቸው። በ1987 በሱዳን በኩል የመጡትን ስደተኛ ወጣቶች ሰብስበው ቤታቸው ሲያስጸልዩ፣ ገረመው ራሱ ከወጣቶቹ አንዱ ነበር።

እሑድ በምስክርነት ሰዓት ተነሡና ማይኩን ያዙ።

"ወንድማችን ገረመው ሕፃን ልጅ ብርድ ላይ አውጥቷል። ንስሐ ይግባ።"

ተቀመጡ። በቃ፣ ያሉት ይኼን ብቻ ነው።

ታዲያ ማን የታገደ ይመስላችኋል?

እሳቸው! "መሪን በጉባኤ ፊት አዋረዱ፣ መጀመሪያ ለብቻው መምከር ነበረባቸው" ተብሎ ከኅብረት ታገዱ። በመሠረቷት ቤት የመጨረሻው ወንበር ላይ እየተቀመጡ፣ የጌታ ራት ሲታደል አንገታቸውን ደፍተው ይወጡ ነበር። ኖቬምበር ላይ ደረታቸውን አሞአቸው ሞቱ። ሬሳቸው እንኳ አዳራሹ አልገባም። "በዲሲፕሊን ላይ እያሉ ነው ያረፉት" ተባለ። ሰው ሞቶም ይታገዳል እንዴ?!

በቀጣዩ ሰመር የቤተ ክርስቲያኗ ሃያኛ ዓመት ደረሰ። የሚዲያ አገልግሎቱ የእኔ ነው። ገረመው የድሮ የጸሎት ካሴቶችን በካርቶን ይዞልኝ መጣ፤ ኮምፒውተር ላይ ገልብጬ ታሪካችንን በድምፅ እንዳዘጋጅ ነው።

"የእትዬ ፀሐይወርቅን ድምፅ ከት አድርጊው" አለኝ።

"ጋሼ፣ ታሪኩ እኮ የእሳቸው ነው።"

"ታሪኩ የጌታ ነው። ቅዳሜ መጥቼ እሰማዋለሁ። እኔ ሳልሰማው አይከፈትም።"

እሺ አልኩ። እምቢ ብለው ካርቶኑን ሰብስቦ እንደሚጥለው አውቃለሁ። በልቤ ግን ሌላ አስቤያለሁ... ለእሱ የተቆረጠውን አሰማዋለሁ፣ እሑድ ሙሉውን እከፍተዋለሁ። የእትዬ ፀሐይወርቅ ድምፅ እዚያ አዳራሽ ውስጥ መሰማት አለበት። ሌላ ምንም አልፈለግኩም።

ቅዳሜ፣ ስምንት ሰዓት። ከአዳራሹ ጎን ባለችው ትንሽ ክፍል ውስጥ ነን። ከእኔ ጋር ስምዖን አለ። ፎርት ማክመሪ የነዳጅ ሠራተኞች ካምፕ ሁለት ሳምንት ሠርቶ ሁለት ሳምንት ያርፋል፤ ሲመጣ ሳውንድ የሚይዘው እሱ ነው። የሦስት ልጆች አባት ነው፣ በቀላሉ አይደነግጥም።

የተቆረጠውን ሲዲ ላይ ገልብጬ ኮምፒውተሩ ላይ ከፈትኩት።

መዝሙር... ጭብጨባ...

የእትዬ ፀሐይወርቅ ጸሎት የነበረበት ቦታ ደረሰ። ባዶ ነው። ስክሪኑ ላይ የድምፁ መስመር ቀጥ ብሎ ተኝቷል።

ግን...

ሕፃን አለቀሰ።

ስምዖን ቀና አለ።

"ያንቺ ልጅ ነው?"

"ባርናባስ ቤት ነው።"

"ታዲያ የማነው?"

"እኔ እንጃ..."

በ1987 ከእነዚያ ስደተኞች መካከል ልጅ ያለው አልነበረም። ሁሉም ብቻቸውን የመጡ ናቸው። ለቅሶውን ግን አውቀዋለሁ። ያን ቅዳሜ ከገረመው ቤት ወጥቼ፣ በረዶው ላይ ቆሜ ታክሲ ስጠብቅ፣ ልጄ እንዲህ ነበር ያለቀሰው።

ከዚያ ሳል መጣ። ደረቅ ሳል።

"ምሥራች... ልጁን አልብሺው።"

የወጣትነት ድምፃቸው አልነበረም። ሊሞቱ ሰሞን የነበረው፣ የሚቆራረጠው ድምፃቸው ነው።

"ከት አድርጌዋለሁ አላልሽኝም?" አለ ስምዖን በሹክሹክታ።

"አድርጌዋለሁ።"

"እስቲ ቼክ አድርጊው።"

"ስክሪኑን እያየኸው! ምንም የለም እኮ!"

በሩ ተከፈተ። ገረመው ነው።

"አለቀ?"

መሐላችን ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ምን ማድረግ እችላለሁ? ከመጀመሪያው ከፈትኩት።

መዝሙሩ አለፈ። ሕፃኑ አለቀሰ። ሳሉ መጣ። ስሜ ተጠራ... ስምዖን የጠረጴዛውን ጠርዝ ጨምቆ ይዟል።

ገረመው ራሱን እየነቀነቀ አዳመጠና ፈገግ አለ።

"ጥሩ ነው። ንጹሕ ነው። ምንም አልቀረም።"

አልሰማም!

እኛ መሐል ተቀምጦ... ምንም አልሰማም።

ሲዲውን አስወጥቶ ኪሱ ከተተው። "ነገ እኔ ራሴ ይዤው እመጣለሁ" ብሎ ወጣ። ዕቅዴ ገደል ገባ። ከሁሉ በላይ ያቃጠለኝ ግን ያ ፈገግታው ነው።

እሑድ አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። ከኤድመንተን ድረስ እንግዳ መጥቷል። ሙቀቱ አይጣል ነው። ወንዶቹ ኮታቸውን አውልቀዋል፣ ሴቶቹ በፕሮግራም ወረቀት ፊታቸውን ያራግባሉ። ባርናባስ ጭኔ ላይ ላብ በላብ ሆኗል።

ገረመው ሲዲውን በእጁ ለስምዖን ሰጠና መድረክ ላይ ወጣ።

"ቅዱሳን፣ ጌታ ከየት እንዳመጣን እንስማ።"

መዝሙሩ አለፈ። ባዶው ቦታ ደረሰ...

ለቅሶው።

ሳሉ።

"ጌታ ሆይ፣ ምሥራችን አስባት... ስምዖንን በሄደበት ጠብቀው... የአበበችን ጉልበት አበርታ..."

እትዬ ፀሐይወርቅ ሁሌም የሚጸልዩት እንዲህ ነበር፣ ሰውን ሁሉ በየስሙ እየጠሩ። ከፊት ወንበር እማማ አበበች ጮኹ።

"ፀሐይወርቅ ናት! ኧረ እሷ ናት!"

አዳራሹ ተናወጠ። ሽማግሌዎቹ ብድግ አሉ። እኛ ያልገባን ነገር ሲመጣ የምናውቀው አንድ ነገር ነው፣ መገሠጽ።

"በኢየሱስ ስም! አንተ አስመሳይ መንፈስ፣ ውጣ!"

"አሜን" አለ ድምፁ።

"በኢየሱስ ስም ዝም በል!"

"አሜን።"

ቀስ ብሎ፣ በእርጋታ። ልክ ከመጨረሻው ወንበር ሆነው ይሉት እንደነበረው።

ከዚያ በኋላ የገሠጸ የለም። በኢየሱስ ስም ሲባል አሜን የሚልን ነገር ምን ብለው ያስወጡታል? አንዱ ሽማግሌ እጁን እንደዘረጋ ቀረ። ሌላኛው ፊቱን በእጁ ሸፈነ። ይኼ ሰው የእገዳው ደብዳቤ ላይ ፈርሟል፣ ደግ አደረገ ሸፈነው!

ስምዖን የሲዲ ማጫወቻውን ገመድ ከግድግዳው ነቀለ።

ድምፁ ቀጠለ።

"ጌታ ሆይ... ገረመውን አስበው። በርዶታል።"

ሰው ሁሉ ወደ መድረኩ ዞረ።

ገረመው ግራ ተጋብቶ ያየናል።

"ምን ሆናችሁ ነው? ማንን ነው የምትገሥጹት? ፀጥ ብሏል እኮ!"

ይኼን ሲል ከአፉ ነጭ እንፋሎት ወጣ።

በጃንዋሪ አውቶቡስ ስንጠብቅ ከሁላችንም አፍ የሚወጣው ዓይነት ነው። እኛ በላብ ታጥበናል... ከእሱ አፍ ግን እየተግተለተለ ይወጣል። ከንፈሩ ጠቆረ። ጥርሱ ሲገጭ ማይኩ ያሰማናል።

"ማነው በሩን የከፈተው?"

በሩ ዝግ ነው።

"ዝጉት እንጂ! ሰው ይሞታል እኮ!"

ከመድረኩ ዘሎ ወረደና በመሐላችን ሮጠ። በአጠገቤ ሲያልፍ ዓይን ለዓይን ተያየን።

"ምሥራች... በሩን..."

ዝግ ነው ልለው እችል ነበር። አላልኩትም። እናንተ ክፉ በሉኝ... የልጄን ላብ እየጠረግኩ አየሁት።

በሩ ጋ ደረሰ። በሁለት እጁ፣ በትከሻው፣ ባለ በሌለ ኃይሉ የተዘጋውን በር ይገፋል...

"አልዘጋ አለኝ!" ይላል። "ኧረ በጌታ... አልዘጋ አለኝ..."