ዘጠነኛው ረድፍ

ታንዚላ ቀኝ እግሯን ባለበት አቆመችው። ከተረከዟ ሥር ጉብታውን ያለበሰው የፕላስቲክ ምንጣፍ ነቅነቅ ብሏል።

ክብደቷን መልሳ ደግማ ረገጠችው። አሁንም ነቅነቅ አለ። ጎንበስ ብላ በጓንቷ ስትዳብሰው የፕላስቲኩ ጠርዝ ከጎረቤቱ ተላቆ አንድ ጣት ያህል ቀና ብሏል። ማያያዣው የለም። ስኪ፣ ማለትም የበረዶ መንሸራተቻ ሰሌዳ፣ የተጫማ ሰው በፍጥነት ወርዶ እዚህ ጋ ቢደርስ የስኪው ጫፍ ይሰካና ሰውየው በአፍጢሙ ይደፋል።

ከጉብታው ግርጌ ሕዝቡ ተሰልፎ ይጠብቃል። አንዱ ቺፕሱን ይበላል፣ ሌላው ሻዩን በኮዳ ክዳን ይጠጣል። ሕፃናቱ የተዋሱትን ስኪ ገና ካሁኑ ታቅፈዋል።

ሃርክሊፍ ከተማ ላይ በረዶ ጣለ ከተባለ በዓመት ሁለት ቀን ቢጥል ነው። ለዚህም ነው የድሮ ሰዎች ጉብታውን ብሩሽ በሚመስል የፕላስቲክ ምንጣፍ አልብሰው፣ ውሃ እየረጩ ይንሸራተቱበት የነበረው። በኋላ ተዘጋ። ሃያ ዓመት ሙሉ እሾህ፣ የድንጋይ ሽበትና የተጣለ ፍራሽ ዋጠው። የከተማው ምክር ቤት ለመጋዘን ሠሪዎች ሊሸጠው ሲል ግን ሰፈሩ «አይሆንም!» ብሎ ተነሣ። ሦስት ዓመት እሾህ ነቀሉ፣ ከብሩሹ ውስጥ ሽበቱን በሹካ ለቀሙ። ምክር ቤቱም በመጨረሻ ቀን ቆረጠ፦ ዛሬ ቅዳሜ፣ እስከ እኩለ ቀን ሰው ከተንሸራተተበት ጉብታው የሰፈሩ ነው። ካልሆነ ይሸጣል።

ምንጣፉን የመፈተሽ ሥራ የሰፈሩ ታዳጊዎች ነበር። ያስተማሯቸው የቦታው የድሮ ጠባቂ ሚስተር ኦልድሮይድ ናቸው። ሠላሳ ዓመት በወፍራም ካልሲ እያንዳንዱን ረድፍ ከዳር እስከ ዳር፣ ተረከዝ በተረከዝ ሲረግጡ ኖረዋል። «ዓይን ይዋሻል፣ ተረከዝ አይዋሽም» ይላሉ። የቀኝ እጃቸው አውራ ጣት ጠማማ ናት፤ ወጣት ሳሉ ወድቀው የላላ ምንጣፍ ቀዳዳ ውስጥ ገብታባቸው ነው። አሁን ዳሌያቸው ስለማይታዘዛቸው ከታች ወንበር ላይ ሆነው ያዝዛሉ። ሕጋቸው አንድ ነው፦ አንድን ረድፍ ሁለት ሰው በየተራ ይረግጠዋል፣ ሁለቱም ይፈርማሉ።

ዘጠነኛው የታንዚላና የጓደኛዋ የሎቲ ነበር።

«ሎቲ!»

ሎቲ ባንዲራ ያንጠለጠለ ገመድ እየጎተተች፣ እያለከለከች ወጣች። «ምን ሆነሻል? ሥራ አለብኝ እኮ!»

«ይህን ረድፍ ረግጠሽዋል?»

«አዎ፣ ረቡዕ። ነግሬሽ የለም?»

«ነይ እዚህ ጋ ቁሚ።»

ሎቲ ቆመች። ተረከዟ ሥር ነቅነቅ ሲል ፊቷ ተለዋወጠ። «ታንዝ፣ ረቡዕ እኮ ዝናቡ…»

«ረግጠሽዋል ወይስ አልረገጥሽም?»

«ግማሹን።» የባንዲራውን ገመድ በጣቷ ጠቀለለች። «እሺ፣ ሩቡን። እግሬ ደንዝዞ ነበር፣ አንቺ ደግሞ ጥርስ ሐኪም ጋ ሄደሻል። ብቻዬን ምን ላድርግ?»

«እኔን ግን ‹ደህና ነው፣ ፈርሚ› አልሽኝ።»

«አንቺም ሳትረግጪ ፈረምሽ!»

እውነት ነበር። ከሁሉም ያቃጠላት እሱ ነው።

ሎቲ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «አሁን ብትናገሪ ያ የምክር ቤቱ ሰውዬ ዶሴውን ዘግቶ ውልቅ ነው የሚለው። እማዬ ሦስት ዓመት ቅዳሜዋን እዚህ እሾህ ስትነቅል ነው የከረመችው። ዛሬ የሚንሸራተቱት ደግሞ ሕፃናት ናቸው፣ ከታች ነው የሚጀምሩት፣ እዚህ አይደርሱም። ነገ እናስተካክለዋለን። ማን ያውቃል?»

«እኔ።»

ታንዚላ ቁልቁል ወረደች። ከሰልፉ መሐል አንዱ ልጅ «ኧረ ካልሲሽ ተቀዶ አውራ ጣትሽ ሰላም እያለን ነው!» ብሎ ጮኸና ሰፈሩ ሁሉ ሳቀ። እሷ አልሳቀችም። ሚስተር ኦልድሮይድ ወንበር አጠገብ ስትደርስ የምክር ቤቱ ሰው ሄስሎፕ ዶሴውን በብብቱ ይዞ ቆሟል።

«ሚስተር ኦልድሮይድ፣ ዘጠነኛው ረድፍ ላልቷል» አለች፣ ሁሉም እንዲሰማ። «ወረቀቱ ላይ ያለው ፊርማ የኔ ነው። ግን አልረገጥኩትም።»

ሳቁ ቆመ። የሎቲ እናት ዲያን ብርቱካናማ ሰደሪያዋን እንደለበሰች ጠጋ አለች። «የኔ ቆንጆ፣ አንድ ማያያዣ ነው እኮ!»

«ያገኘሁት አንድ ነው፣ ዲያን። ስንት እንዳለ አላውቅም።»

«አንቺ ልጅ የማን ወገን ነሽ?» አለ ከኋላ አንድ ጎርናና ድምፅ።

ሄስሎፕ እስክሪብቶውን አወጣ። «አዝናለሁ። እንግዲህ አልተከፈተም ብዬ እጽፋለሁ።»

«እኩለ ቀን ሆኗል?» አለች ታንዚላ።

«አልሆነም፣ ግን…»

«ስንት ይቀረዋል?»

ሰዓቱን አየ። «ሁለት ሰዓት።»

«እንግዲያው ምንም አይጻፉ።» እጆቿን ዘርግታ ወደ ጉብታው የሚወጣውን መንገድ ዘጋች። «አሥራ ሁለቱም ረድፍ እንደገና ይረገጣል። ሳይረገጥ ማንም አይወጣም። የሚወጣ ካለ በኔ ላይ አልፎ ነው።»

ሚስተር ኦልድሮይድ ትክ ብለው አዩዋት። ይቆጣሉ ብላ ስትጠብቅ «የማያያዣውን ሣጥን አምጡላት» አሉ። «ምን ትጠብቃላችሁ? ጉብታውን የሰጠን እግዚአብሔር ነው፣ ምንጣፉን ግን እሱ አያጠብቅልንም።»

«የኛ ረድፍ ደህና ነው!» አለ ያ ስለ ካልሲዋ የቀለደው ልጅ።

«ረግጣችሁታል?» አለች ታንዚላ። «ከዳር እስከ ዳር?»

ልጁ ጓደኛውን አየ። ጓደኛው መሬት መሬት አየ። ከዚያ ሁለቱም ምንም ሳይናገሩ የጫማቸውን ማሰሪያ መፍታት ጀመሩ።

ሥራው ቀስ ያለ ነው፤ ጥድፊያ አይወድም። ተረከዝ ታሳርፋለህ፣ ታዳምጣለህ፣ ትቀጥላለህ። ከታች ያለው ሕዝብ ግን ጥድፊያ እንጂ ሌላ አያውቅም ነበር። የሄደም አለ፣ ተሳድቦ የሄደም አለ። የታንዚላ እናት ሳምቡሳ እያደለች የቀሩትን አባበለቻቸው። በየረድፉ «አንድ እዚህ!» የሚል ድምፅ ይሰማል፤ አንዱ ማያያዣ ይዞ ይሮጣል። ሰባት አገኙ። ከዚያ አሥራ አንድ። ከዚያ ታንዚላ መቁጠር ተወች።

ሎቲ ግን ጠፍታለች። ታንዚላ ሦስተኛውን ረድፍ ጨርሳ ቀና ስትል ነው ያየቻት። ዘጠነኛው ረድፍ ላይ ብቻዋን ተረከዟን ታሳርፋለች፣ ትቆማለች፣ ትንበረከካለች፣ ታያይዛለች። የሁሉም ረድፍ አልቆ የሷ ብቻ ቀረ።

ሎቲ የመጨረሻው ዳር ደርሳ እጇን አነሣች። ከታች ጭብጨባ ተነሣ። ሄስሎፕ ሰዓቱን አይቶ «ስድስት ደቂቃ ቀረ!» አለ።

ታንዚላ ሽቅብ ሮጣ ወጣች። የሎቲ ካልሲ ነትቦ ተረከዟ ቀልቷል። ዓይኗም ቀልቷል።

«ጨርሻለሁ። አራት ቀየርኩ።»

«ሙሉውን?»

«ሙሉውን፣ ታንዝ። በእናቴ!»

ታንዚላ ፊቷን አየችው። ይህን ፊት ከሕፃናት ትምህርት ቤት ጀምሮ ታውቀዋለች። እየዋሸች አልነበረም። ከታች «በቃ፣ ክፈቱት!» «ኧረ በሞቴ፣ ምን ትጠብቃላችሁ!» እያሉ ይጮሃሉ። ዲያን ሁለት እጇን ራሷ ላይ ጭናለች። ታንዚላ እጇን ብቻ ብታነሣ የመጀመሪያው ሕፃን መንሸራተት ይጀምራል።

እጇን አላነሣችም። ወደ ረድፉ ግራ ዳር ሄደች፣ በከንፈሯ «ቢስሚላህ» አለችና ተረከዟን አሳረፈች።

ሎቲ እጅጌዋን ያዘቻት። «አላመንሽኝም» አለች።

«አምኜሻለሁ» አለች ታንዚላ፣ ዓይኗን ከምንጣፉ ሳታነሣ። «ረድፉ ግን የሁለታችን ነው።»

ሎቲ የታንዚላን ተረከዝ አየች። ከዚያ ዞር ብላ፣ የአንገቷ ሥር እስኪገተር፣ ቁልቁል ጮኸች፦

«ዝም በሉ! እየረገጠች ነው!»

ሰፈሩ ጸጥ አለ። ሎቲ ከታንዚላ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሆና፣ የማያያዣውን ሣጥን ታቅፋ ተከተለቻት።

«ቀስ በይ» አለቻት።

ታንዚላም ቀስ አለች።